ጋሼ ያውቃሉ

በበጋ የሎጁን ሥራ የሚሠራው ኩሬው ነው። አካባቢው ሁሉ ሲደርቅ ከበረንዳው ፊት ለፊት ያለው ኩሬ ብቻ ውሃ ይዞ ስለሚቀር፣ ዝሆኑም ቀጭኔውም የሜዳ አህያውም በየተራው እየመጣ ይጠጣል። እንግዳው ደግሞ ወንበሩ ላይ ተንጋሎ፣ ሻዩን ፉት እያለ ያያቸዋል። ያኔ ዱካ አንባቢ የሚባል ሰው መኖሩንም ማንም አያስታውስ። ክረምት ሲገባ ነገሩ ይገለበጣል። ውሃ በየጎድጓዳው ይቋጥራል፣ ሣሩ ወገብ ይደርሳል፣ አውሬው «ደህና ሁኑ» እንኳ ሳይል ይበተናል። የክፍሎቹ በሮች በእርጥበት አብጠው አልዘጋ ይላሉ፤ ትራሱ ሻጋታ ይሸታል፤ ምስጡ ክንፍ አውጥቶ እየበረረ ሾርባ ውስጥ ይገባል። በረንዳው ላይ የሚቀሩት እንቁራሪቶችና ወፍ ለማየት የሚመጡ ሸምገል ያሉ እንግዶች ናቸው።

ዱካ አንባቢው ግን የሚወደው ይሄንኑ ጊዜ ነው። የእናት አባት ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ሎጁ በሙሉ ጋሽ ዱካ ነው የሚለው። ሃያ ስድስት ዓመት መሬት እያየ ሲሄድ ኖሮ አንገቱ ወደ ፊት ደፋ ብሎ ቀርቷል። «ድንጋይ ላይ የጥንቸል ዱካ ያነባል» ይሉታል፣ እሱም አላስተባበለም። ሙያው ደግሞ ጠባዩ ውስጥ ገብቶበታል። ሻይ ሲሰጡት አሽትቶ ነው የሚጠጣ። «እንዴት አደርክ?» ያለውን ሰው ምን ፈልጎ ይሆን እያለ በዓይኑ እስከ በሩ ይሸኘዋል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የምትለዋን አባባል ጠዋትና ማታ ካላላት ቀኑ የመሸ አይመስለውም። ሚስቱ፣ የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ፣ በዚህ ስትስቅበት ነው የኖረችው።

«አንተ እኮ የገዛ ጥላህን መታወቂያ ትጠይቃለህ» ትለዋለች።

የዘንድሮው ክረምት ሲገባ ለጉብኝት መኪኖቹ አዲስ ቀያይ ብርድ ልብሶች መጡ። ማለዳ ላይ ብርድ ስላለ እንግዶቹ ጉልበታቸው ላይ ጣል የሚያደርጉት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የአንድ እንግዳ ነጭ ሱሪ ጭኑ ላይ እንደ ሐብሐብ ቀልቶ ተገኘ፤ መኪናው ደግሞ የጋሽ ዱካ ነበረ። እፍረቱን ይዞ በቀጥታ ወደ ልብስ ማጠቢያው ሄደና በሩ ላይ ቆሞ ሚስቱን ስለ ቀለም፣ ስለ ጨርቅ፣ ስለ እናቱ የልብስ አያያዝ ሲመክራት ግማሽ ሰዓት ፈጀ። ምክር ሲሰጥ እንዲህ ነው፣ ሳይጠየቅ ያወርደዋል፣ አውርዶ ሲያበቃ ይረሳዋል። ከዚያ ወዲህ ብርድ ልብሶቹ ቀለም ለቀቁ የሚል ነገር አልተሰማም።

ሌላ ነገር ግን ተሰማ። ግራ ቀንዱ የተሰበረ፣ ከመንጋው ከተባረረ የቆየ አንድ ሽማግሌ ጎሽ አለ፤ ሠራተኛው ጡረተኛው ይለዋል። በሌላ ክረምት ከሸንተረሩ ወዲያ ሄዶ አዲሱን ሣር ሲግጥ ነው የሚከርመው። ዘንድሮ አልሄደም። በመጀመሪያ ከአጥሩ ውጭ ታየ፤ ከዚያ ከአጥሩ ውስጥ፤ ከዚያ ይባስ ብሎ ልብስ አጣቢዎቹ ሥራ ጨርሰው ሲወጡ ጠብቆ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ መዋል አመጣ። አንድ ሰኞ አትክልተኛው የሣር ጋሪውን እየገፋ ጥጉን ቢዞር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ሰውዬው ዛፍ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጠ። ጋሪው ዛፍ መውጣት ስለማይችል ተጨፈላለቀ።

ሥራ አስኪያጇ ሠራተኛውን ሰበሰበች። ወጣት ናት፣ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፤ እንደዚያ ቀን ግን ዝግ ብላ ተናግራ አታውቅም።

«ጎሽ በክረምት ያለ ምክንያት ሰው ቤት አይመጣም» አለች። «አንድ ሰው የሚሰጠው ነገር አለ። አውሬ ማብላት ከሥራ እንደሚያሰናብት ሁላችሁም ፈርማችኋል። እስከ ቅዳሜ ካልታወቀ ለፓርኩ ጠባቂዎች ነግሬ አስገድለዋለሁ። ሰው ከሚሞትብኝ ጎሽ ይሙት። ጋሽ ዱካ፣ እርስዎ ይፈልጉልኝ።»

በልቡ ደስ አለው። እስከዛሬ በነፃ ሲጠረጥር ኖሮ አሁን ጥርጣሬው ሥራ ሆኖ ተሰጠው። አትክልተኛውን ጠረጠረ፤ ዛፍ ላይ ያን ያህል የቆየው ለማስመሰል ቢሆንስ? ሾፌሩን ጠረጠረ፤ ጎሽ በቅርብ ያሳየ ሾፌር በእንግዳ ዘንድ ስሙ ይነሳል። አስተናጋጁን ጠረጠረ፤ ፈገግታው ይበዛል። በማግስቱ ማክሰኞ ማለዳ ሚስቱ ልጃቸው የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስለሆነ ፈቃድ ወስዳ ስትነሳ እንኳ፣ ቦርሳዋን እያቀበላት ሐሳቡ አስተናጋጁ ጥርስ ላይ ነበር።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አለችው መኪና ውስጥ ሆና። «ወንድሜን አደራ። የሚያበስል ሰው መብላት ይረሳል፤ እህል ሳይቀምስ እንዳይውል እየው።»

«እሺ እሺ» አላት።

ወንድሟ የሎጁ ሼፍ ነው። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች አዝላ፣ አስተምራ፣ ኋላም ወደዚህ አምጥታ ያስቀጠረችው እሷ ናት። እሱም እቴቴ ነው የሚላት፣ ባሏን ደግሞ ጋሼ። ሌላው ሠራተኛ «ጋሽ ዱካ» ሲል እሱ ብቻ «ጋሼ» ብሎ ያበቃል። ይህቺን የዘመድ አጠራር ሰውዬው በአፉ አይናገራት እንጂ በልቡ ይኮራባት ነበር።

ረቡዕ ዝናቡ ሲያባራ ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ ሄደ። እዚያ አንድ አሮጌ ኩይሳ አለ። አንድ ጎኑ ጎድጉዶ፣ ልስልስ ብሎ፣ ትልቅ ምላስ ደጋግሞ የሄደበት ሆኖ አገኘው። ተንበርክኮ በጣቱ ቆንጥሮ አፈሩን ቀመሰ። ጨው ነው። ምላሱንም ጠርጥሮት ደግሞ ቀመሰ፤ ያው ጨው ነው። አዲስ ሣር ብዙ ውሃ እንጂ ጨው የለውም፣ ሣር በል አውሬ ደግሞ በክረምት ጨው ያምረዋል። ይህን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከዚያ ዝናብ የማይደርስበት የጣሪያው ክፈፍ ሥር ጎንበስ ብሎ አነበበ። ተረከዙ ላይ ኮከብ ያለው የላስቲክ ቡትስ ነው። ኮከብ ያለውን ቡትስ የሚጫማው ወጥ ቤት ብቻ ነው። ከወጥ ቤቱ የጀርባ በር ይነሳል፣ እስከዚህ ይመጣል፣ ይመለሳል። አንዱ ዱካ የቆየ፣ አንዱ የሰሞኑ፤ ልማድ ነው ማለት ነው። ትንሹ ጣት በኩል ጫን የሚል አረማመድ አለው፤ የማን እንደሆነ ለማወቅ ቀና ማለት አላስፈለገውም። ከቡትሱ ጎን የሴት ነጠላ ጫማም ነበረ፣ በር ድረስ ሄዶ የሚመለስ። እሱን አየና አለፈው። ልብስ አጣቢ በልብስ ማጠቢያ ጀርባ ብትሄድ ምን ይጠረጠራል?

እውነቱን ለመናገር አዝኗል። ግን ሐዘኑ ላይ ሌላ ነገር ነበረበት፣ ዋናውን ዱካ ያገኘ ሰው ደስታ። «ብደብቀው፣ አማቹን ሸሸገ ይሉኛል» እያለ ወደ ወጥ ቤት ሄደ።

ቁርስ ተነስቶ ምሳ ያልደረሰበት ሰዓት ነው። ሼፉ ብቻውን ካሮት ይከትፋል።

«ጨው አልጎደለህም?» አለው።

«ምነው ጋሼ፣ ቁርሱ አልጣፈጠም?»

«ቀልዱን ተው። ከዚህ ቤት ጨው እየወጣ ወደ ልብስ ማጠቢያው ጀርባ ይሄዳል ወይስ አይሄድም?»

ሼፉ ቢላዋውን አስቀመጠ። እጁን በሽርጡ ጠረገ።

«ይሄዳል። በየሦስት ቀኑ። የምወስደው እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ሼፉ ዞሮ አየው። ፊቱ ላይ ከድንጋጤ ይልቅ ግራ መጋባት ነበረ፣ የሚያውቀውን ዘፈን በሌላ ዜማ እንደሰማ ሰው።

«ጋሼ፣ እርስዎ ነዎት እኔን ለምን የሚሉኝ?»

ሰውዬው ይህቺን በድፍረት ተረጎማት። ማን ነህ አንተ የምትጠይቀኝ ያለው መሰለው።

«አዎ፣ እኔ ነኝ። ነገ ደግሞ ሥራ አስኪያጇ ናት የምትጠይቅህ።»

«እቴቴ መቼ ነው የምትመለሰው?»

«ቅዳሜ። እሷን ምን አመጣት?»

ሼፉ ካሮቱን አየ፣ በመስኮቱ ወደ ልብስ ማጠቢያው አየ፣ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። «በቃ ገባኝ» አለ። «እሷ ከመመለሷ በፊት እንዲያልቅ ነው። ይሁን ጋሼ። እርስዎ ካሉ ይሁን።»

ምኑ ነው የገባው? ሰውዬው ያን ቀን ሙሉ ይህቺን «ይሁን» ሲያላምጣት ዋለ። ጥፋተኛ ሰው ይክዳል፣ ወይ ይለምናል፣ ወይ ይቆጣል። ይሁን የሚል ጥፋተኛ አይቶ አያውቅም። መጨረሻ ላይ ተንኮል ነው ብሎ ደመደመ። ያልገባውን ሁሉ ተንኮል ነው ማለት ለእሱ አዲስ አይደለም።

ሐሙስ ጠዋት ሦስቱ በሥራ አስኪያጇ ቢሮ ተቀመጡ። ጣሪያው ያፈሳል፤ ጥግ ላይ የተቀመጠው ባልዲ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

«ጨው ወስደሃል?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«ወስጃለሁ።»

«ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ?»

«አዎ።»

«ምን ሊያደርግልህ?»

ሼፉ አማቹን ቀና ብሎ አየው። አስተያየቱ የጠላት አልነበረም፤ ልመናም አልነበረበትም። አንድ ነገር የሚጠብቅ ሰው አስተያየት ነበር።

«ጋሼ ያውቃሉ» አለ።

ሥራ አስኪያጇ ወደ ጋሽ ዱካ ዞረች። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ነገሩ ሁሉ። ሰውዬው ማን እንደወሰደ ያውቃል፣ የት እንደወሰደ ያውቃል፤ ለምን እንደወሰደ ግን አያውቅም። «እኔ እንጃ» ቢል አንድ ጥያቄ ይከተላል፣ ጥያቄው ሁሉንም ያወጣዋል። ነገር ግን በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ሰው ፊት «እኔ እንጃ» ብሎ አያውቅም፤ አፉ አልተለማመደውም። አገጩን ቀና አደረገ።

«አዎ፣ አውቃለሁ» አለ።

ሼፉ ዓይኑን ከእሱ ላይ አነሳ፤ የሚጠብቀውን ነገር መጠበቅ ያቆመ መሰለ። ሥራ አስኪያጇም የስንብት ደብዳቤውን ጻፈች። ለሠራተኛው ሼፉ ጎሽ ሲያበላ ተገኘ ተባለ፣ ከዚያ በላይ የተነገረ የለም።

ከሰዓት በኋላ ሽርጡንና ኮከብ ያለውን ቡትስ አስረክቦ፣ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ መኪና ሲጠብቅ ጋሽ ዱካ ሊሸኘው መጣ። ለምን እንደመጣ ራሱም አያውቅ።

«የጨው ክምር ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል» አለ ሼፉ መንገዱን እያየ። «እኔ መላሱንም ማልቀሱንም አልቻልኩበትም። ግድ የለም ጋሼ። ለእቴቴ ብቻ ምንም እንዳይነግሯት። ራሱ ለቀቀ ይበሏት።»

«ለምን?»

ሼፉ ሳቀ፣ ደስ የማይል ሳቅ ነበር። «አሁንም ለምን ይሉኛል» አለና መኪናው ላይ ወጣ።

ጋሽ ዱካ ይህንንም ልመና ጠረጠረው። እህቱ እንዳትሰማበት የሚፈራው ነገር አለ ማለት ነው፤ ከጨው የባሰ ነገር።

ዓርብ ማለዳ ወፍ ለማየት የመጡ አንዲት አሮጊት ይዞ ወጣ። ዝናብ የሚያመጣቸው እግረ ረዣዥም ወፎች ሜዳውን ሞልተውት ነበር። እሳቸውም በደስታ ዘጠኝ ዓይነት ቆጥረው፣ መኪና ውስጥ ያመጡትን ሻይ ጠጥተው፣ ሎጁ በር ላይ ሲወርዱ ነጩ ሱሪያቸው ከጭን እስከ ጉልበት ቀልቶ ተገኘ። «የቆሰልኩ መስሎኝ ደነገጥኩ» አሉ። ሰውዬው መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው ደስ ባለው። ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ወደ ልብስ ማጠቢያው ገሰገሰ።

ሁለተኛዋ አጣቢ ብቻዋን አንሶላ ትጨምቃለች። በዕድሜ ከሁሉም ትበልጣለች፣ ማንንም አትፈራም።

«እትዬ፣ ይሄን ምን አድርገሽው ነው? ቀለሙን ለቀቀ እኮ! አዲስ ቀለም የሚያዘው በጨው ነው፣ በጨው ውሃ አልዘፈዘፍሽውም?»

ይህን ያለው በራሱ አፍ ነው። ጨው የሚለው ቃል ከአፉ ወጥቶ ጆሮው እስኪደርስ ጊዜ ወሰደ። ሲደርስ ግን እጁ ላይ ያለው ብርድ ልብስ ከበደው።

«በየትኛው ጨው?» አለች ሴትዮዋ። «ጨው የሚያመጣልን ሼፉ አልነበረ? እሱን አባረራችሁ። ሚስትህ ስትሄድ፣ ብርድ ልብሱን ያለ ጨው እንዳትነኪው፣ የባሌ ትእዛዝ ነው ብላኛለች። ከየት ላምጣው፣ ከዓይኔ ላውጣው?»

«የዘፈዘፋችሁበትን ውሃስ?» አለ። መልሱን አውቆታል፤ ግን ሌላ ሰው እንዲለው ፈለገ።

«እደጅ ብንደፋው አትክልተኛው ሣሬን አቃጠላችሁት ብሎ ጮኸብን። ታዲያ ከጀርባ ኩይሳው ላይ ነው የምንደፋው።» ጨምቃ ቀና አለች። «ምነው፣ አመመህ?»

የአንሶላ ክምሩ ላይ ተቀመጠ። እዚችው በር ላይ ቆሞ፣ እናቴ አዲስ ልብስ በጨው ሳትዘፈዝፍ አትለብስም ነበር ያለው ትዝ አለው። የሚስቱ ነጠላ ጫማ ትዝ አለው፤ በግራ በኩል ያለቀ ሶል፣ በየቀኑ አልጋው ሥር የሚያየው። ከዚያ የሼፉ ነገር ሁሉ አንድ በአንድ መልሶ ተነበበለት። እርስዎ ነዎት ለምን የሚሉኝ ሲል፣ ያዘዙት እርስዎ አይደሉ ወይ ማለቱ ነበር። እቴቴ ከመመለሷ በፊት እንዲያልቅ ነው ሲል፣ ጋሼ ሚስቱን ለማዳን እኔን እየሰጠኝ ነው ማለቱ ነበር። ይሁን ማለቱ ደግሞ አዝላ ያሳደገችው እህቱ ስለሆነች ነው። ጋሼ ያውቃሉ ብሎ የመጨረሻ ዕድል ሰጠው፤ እሱም አውቃለሁ አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

ለሥራ አስኪያጇ ቆሞ ነገራት። ሳታቋርጠው ሰማችው።

«ትናንት አውቃለሁ ብለውኝ ነበር» አለች።

«አላውቅም ነበር።»

«ታዲያ ለምን አውቃለሁ አሉኝ?»

እንደ ልማዱ መሬት መሬቱን አየ። እሷም አላስጨነቀችውም። ኩይሳው ዙሪያ ያለው አፈር ተዝቆ ሩቅ እንዲደፋ፣ ጎሹም እንዳይነካ አዘዘች። «መኪናውን ይውሰዱና ሼፉን ራስዎ ያምጡት» አለች።

ከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ሼፉ የተከራያት አንዲት ክፍል ናት፤ በሩ ላይ ተቀምጦ ድንች ይልጣል። ሲያየው ብድግ አለ፣ ወንበሩንም ለቀቀለት፣ እንደ ወጉ።

«አላወቅኩም ነበር» አለ ጋሽ ዱካ፣ ሳይቀመጥ። «ጨዉ ለእሷ መሆኑን አላወቅኩም። ያዘዝኳት እኔ መሆኔንም ረስቼው ነበር። አንተን ልሰጥ ብዬ አይደለም።»

ሼፉ ድንቹን በእጁ አገላበጠ።

«ድንጋይ ላይ የጥንቸል ዱካ የሚያነብ ሰው፣ የሚስቱን ጫማ አላየሁም ቢለኝ እንዴት ብዬ ልመን?»

«አይቼው ነበር» አለ ሰውዬው። «አየሁትና አለፍኩት።»

«እሱን አምናለሁ» አለ ሼፉ። ድንቹን አስቀምጦም፣ «እመለሳለሁ፤ ለእቴቴ ስል» አለ።

ሚስቱ ቅዳሜ የሴት ልጅ አያት ሆና መጣች። ሌላ ሰው ሳይነግራት እሱ ቀድሞ ነገራት፣ ምንም ሳያስቀር። ሰምታ ስታበቃ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «አደራ ብዬህ ነበር» አለች። ያንኑ ብቻ ነው ያለችው። ስለ ጥላና መታወቂያ የምትቀልደውም ቀልድ ከዚያ ወዲህ አልተሰማም።

ጡረተኛው ሁለት ቀን መጥቶ ባዶውን ጉድጓድ አሸተተ፣ በሦስተኛው ቀን ወደ ሸንተረሩ ሄደ። ብርድ ልብሶቹ አሁንም በጨው ይዘፈዘፋሉ፤ ውሃው ግን በበርሜል ሩቅ ይወሰዳል። ሼፉ ከማንም ጋር ይሳሳቃል፣ ምግቡም ያው እንደ ድሮው ነው። በምሳ ሰዓት እየዞረ ሠራተኛውን ሲያስተናግድ ጋሽ ዱካ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ የጨው ዕቃውን በሁለት እጁ ይዞ፣ በትሕትና።

«ጨው ይበቃዎታል፣ አቶ ዱካ?» ይላል።

ይህ ጥያቄ ስድብ ይሁን ደግነት፣ ሻይ አሽትቶ የሚጠጣው ሰው እስካሁን አልለየውም። መጠየቅም አልደፈረም። ሾርባውን ሳይቀምስ «ይበቃኛል» ይላል።